የሞተብኝ እኔው ነኝ

ባለፈው ቅዳሜ የዕቃ መፈግፈጊያ ሽቦ አልቆብኝ፣ ጥላሸት የጠጣ የድስት ቂጥ በአመድና በሎሚ ማሸት ጀመርኩ። ሎሚው አመዱን ሲነካው የሚወጣ አንድ ሽታ አለ፤ ኮምጠጥ ያለ፣ ዝናብ የነካው አቧራም የሚመስል። ቧንቧውን ሳልዘጋ ቆሜ ቀረሁ። አባቴ የእድሩን ጡሩምባ የሚወለውለው በዚህ ነበር። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ዱካውን ይዞ ደጃፋችን ላይ ይቀመጥና፣ በግማሽ ሎሚ አመድ እየጠቀሰ፣ ነሐሱ ፊቱን እስኪያሳየው ድረስ ያሸዋል። እኔ አጠገቡ ቁጢጥ ብዬ በአሮጌ ሸሚዝ እጅጌ አደርቅለት ነበር።

ጡሩምባ ስላችሁ የሰርግ እንዳይመስላችሁ። አባቴ የእድራችን ለፋፊ ነበር። ቀን ቀን ኮልፌ አጣና ተራ ባሕር ዛፍ ይሸጣል፤ ሰው ሲሞት ደግሞ ገና ጎህ ሲቀድ የእድሩ ዳኛ መጥቶ በራችንን ያንኳኳል፣ አባቴም አፉን በውሃ ተጉመጥምጦ፣ ካፖርቱን ደርቦ ይወጣል። ጡሩምባው ሲጮህ ሰፈሩ በሙሉ አልጋው ላይ እንዳለ ትንፋሹን ይይዛል። ከዚያ የአባቴ ድምፅ ይከተላል፤ ማን እንዳረፈ፣ ቤቱ የቱ ጋ እንደሆነ፣ ቀብሩ የትና በስንት ሰዓት እንደሆነ። ስም ሲጠራ አይቸኩልም። ሟቹ ማንም ይሁን ማን፣ ዕድሜ ልኩን በቅጽል ስም ሲጠራ የኖረም ቢሆን፣ አባቴ «አቶ» ወይም «ወይዘሮ» ሳይል አይጠራውም ነበር።

እንዲህ ሳወራው የተከበረ ሥራ ይመስላል፣ ነውም። ለአንዲት ተማሪ ግን ጣጣ ነበር። ትምህርት ቤት ስሜ «የጡሩምባው ልጅ» ነበር። የፈተና ቀን አጠገቤ መቀመጥ ገድ የለውም ብለው የሚሸሹኝ ልጆች ነበሩ፤ እኔ እነሱን ብሆን ምን እንደማደርግ አላውቅም፣ ግን ያኔ አቃጥሎኛል። ያልሸሸችኝ አንዲት ጓደኛዬ ብቻ ናት። የእነሱን ግቢ ከእኛ የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነበር፤ አጥሩ ላይ እጅ የምታሳልፍ ቀዳዳ አበጅተን በቀዳዳዋ በኩል ቆሎ፣ ደብተርና ወሬ እንለዋወጥ ነበር። ገና በልጅነቴ እናቴ ስትሞት አዝላኝ ወደ ቤቷ የወሰደችኝም የጓደኛዬ እናት ናት አሉ።

ስለ እናቴ የማውቀው ከዚያ ብዙም አይበልጥም ነበር። ለመታወቂያ የተነሳችው አንድ ጉርድ ፎቶ ነበረን፣ እሱም ላይ ኮስተር ብላለች። አባቴን ስጠይቀው «ጥሩ ሴት ነበረች» ይልና ወዲያው የሚያስተካክለው ነገር ይፈልጋል፤ አንዴ የበሩን መቀርቀሪያ፣ አንዴ የሚንጠባጠበውን ጣሪያ። ከአገር ቤት አምጥቷት ብዙም ሳትቆይ ነው የሞተችው፤ ስለዚህ ከእሱ ሌላ የሚነግረኝ ሰው ከተማ ውስጥ አልነበረኝም። እኔ የፈለግሁት ትልቅ ነገር አልነበረም። እንዴት ትስቅ እንደነበር፣ ምን ያናድዳት እንደነበር ማወቅ ነበር የፈለግሁት።

አሥራ አንደኛ ክፍል ስንደርስ የሥነ ዜጋ መምህራችን ወረቀት ማረም ሰልችቶኛል አለና፣ ሁለት ሁለት ሆነን ሰፈራችን ውስጥ ሕዝብ የሚያገለግል ሰው በቪዲዮ ቀርጸን እንድናመጣ አዘዘን። ጓደኛዬ ከእኔ ጋር ሆነች። የታላቅ ወንድሟን ስልክ እንደምታገኝ እርግጠኛ ነበረች፣ ማንን እንደምንቀርጽም በልቧ ጨርሳ ነበር የመጣችው። አባትሽን አለችኝ። ቁጣዬ ሰማይ ነካ፤ የክፍሉ መሳቂያ ልታደርጊኝ ነው ወይ አልኳት።

«ማን ነው የሚስቀው?» አለች። «እኔ እያለሁ?»

ይሄን ያለችበት ቦታ ሳይቀር ትዝ ይለኛል። ከትምህርት ቤት ስንመለስ የተራገፈ አጣና ላይ ቁጭ ብለን ነበር፤ አዲስ የተላጠ ባሕር ዛፍ ይሸታል፣ እሷ ልጣጩን እየገነጠለች ትጫወትበታለች። አመንኳት። ለምን አላምናትም?

አባቴ መጀመሪያ እምቢ አለ። ጡሩምባ ያለ ሬሳ አይነፋም፣ ጨዋታ አይደለም አለ። ለእድሩ ዳኛ ነገርናቸው፤ እሳቸውም ጡሩምባውን ሳይነፋ ይዞ ይታይ፣ ስለ ሥራው ያውራ፣ ለልጆች ትምህርት ነው ብለው ፈቀዱ። እሁድ ከሰዓት በኋላ አባቴ ተላጭቶ፣ ለቀብር የሚለብሰውን ካፖርት ለብሶ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ። ጓደኛዬ አንሶላዬን ከጀርባው ሰቀለች። ስልኩን በደብተር ቁልል ላይ አስደግፋ፣ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ብትለው አባቴ እንደ ሕፃን ይታዘዛታል። «ጦር ኃይሎች! ጦር ኃይሎች!» የሚል የታክሲ ረዳት በመንገዱ ባለፈ ቁጥር ቆመን እንጠብቃለን። የመስኮቱ ብርሃን ጡሩምባው ላይ አርፎ ወደ ጣሪያው ይረጭ ነበር።

ጥያቄዎቹን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ደረቅ፣ ለመምህር የሚስማሙ ጥያቄዎች ነበሩ። አባቴም ደረቅ ደረቁን መለሰ። በመሐል ጓደኛዬ ወረቀቱን አስቀመጠችና ከራሷ ጠየቀች።

«አባባ፣ ከለፈፉት ሁሉ የከበደዎት የማን ነው?»

አባቴ ጡሩምባውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ። ስልኩን ታጠፋው ይሆን ብዬ ጓደኛዬን አየኋት፤ አላጠፋችም። ከዚያ አባቴ ስልኩን ትቶ እኔን እያየ ማውራት ጀመረ።

እናቴ የሞተችው በመስቀል ሰሞን ነበር። መስቀል ሲደርስ ኮልፌ እንዴት እንደሚሆን የኖረበት ያውቀዋል፤ የጉራጌው ቤት እየተዘጋ ግማሹ ሰው አገር ቤት ይገባል። በእድሩ ሕግ ሐዘንተኛ የራሱን ሬሳ አይለፍፍም፤ ሌላ ሰው ተተክቶ ይነፋለታል። ያን ዓመት ግን ተተኪውም፣ ዳኛውም ከቤተሰባቸው ጋር አገር ቤት ነበሩ፣ ሌላ መንፋት የሚችል ሰው አልተገኘም። አባቴ እናቴን በነጠላ ሸፍኖ፣ እኔን ለጎረቤት ሰጥቶ፣ ጡሩምባውን አንስቶ ወጣ። ስም ሲጠራ ሥርዓቱን አላጎደለም። የራሱን ስም «አቶ» ብሎ ጠርቶ፣ ባለቤታቸው ስላረፉ ብሎ ለፈፈ፤ ቤቱ የቱ ጋ እንደሆነ መናገሩን ግን ረሳው።

ሰፈርተኛው አልጋው ላይ ሆኖ ሰማ። የለፋፊውን ድምፅ ያውቀዋል፣ ሐዘንተኛ ራሱ እንደማይለፍፍም ያውቃል። እንግዲያው የሞተባቸው ሌላው ሰውዬ ናቸው አለ። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ በስም ከአባቴ ጋር አንድ የሆኑ ባለሱቅ ነበሩ። አባቴ ሰፈሩን ዞሮ ሲመለስ ሰው ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ እያለቀሰ በአጠገቡ ያልፋል፣ ወደ ወፍጮ ቤቱ ይወርዳል። ቢጠራቸው የሚሰማው የለም።

«ኧረ እኔው ነኝ!» ብሎ ጮኸ። «የሞተብኝ እኔው ነኝ!»

ባለሱቁ መፋቂያ በአፋቸው እንደያዙ በራቸውን ሲከፍቱ ሕዝብ ደረቱን እየመታ ቆሟል፤ ከኋላቸው ሚስታቸው የእጅ ማስታጠቢያ ይዘው ብቅ አሉ። ለቀስተኛው ሟቿን በቁሟ አየ። አባቴ እዚህ ላይ ሲደርስ ሳቀ። ከልቡ ነው የሳቀው፣ እኛም ሳቅን፤ ጓደኛዬ በአንድ እጇ አፏን፣ በሌላው ስልኩን ይዛ ትንፈቀፈቃለች። እዚያው ሳቁ መሐል ድምፁ ተሰበረ። ሰው እስኪመለስ ድረስ ከእሷ ጋር ብቻዬን ተቀመጥኩ አለ። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረና በጉራጊኛ ጥቂት ቃላት ተናገረ፤ ለእኛ አልነበረም፣ አጠገቡ ለተቀመጠ ሰው የሚናገር ይመስል ነበር። እንባው በጉንጩ ወርዶ አገጩ ላይ ሲደርስ ጠረገው። እኔ ጉራጊኛ አልችልም፤ ቋንቋው የእሱና የእናቴ ነበር፣ እሷ ስትሞት እሱም ተወው።

ትንሽ ቆይቶ ጓደኛዬን «ይቺን አጥፊያት ልጄ» አላት። «እማዬ ትሙት አጠፋዋለሁ አባባ» አለች። እናትሽን አትጥሪ፣ አጥፊው ብቻ አላት።

የዚያን ዕለት እራት ስንበላ አባቴ ሳልጠይቀው ጀመረ። ጡሩምባውን መንፋት ሲለማመድ እናቴ ሆዷን ይዛ ትስቅ እንደነበር፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ትራስ የጡሩምባው አፍ ላይ እንዲያደርግበት ትመክረው እንደነበር ነገረኝ። እንጀራውን ትቼ አፉን አፉን አየው ነበር። ገና ብዙ አለ፣ ቀስ ብዬ እነግርሻለሁ አለኝ።

ጓደኛዬ ቪዲዮውን የሚያቀናብርላት፣ ጦር ኃይሎች የሰርግ ቪዲዮ የሚሠራ ዘመድ ነበራት። አንቺ ጽፈሻል፣ ይሄኛው የእኔ ድርሻ ይሁን አለችና ብቻዋን ሄደች። እኔም ደግ መስላኝ አመሰገንኳት።

የማሳያው ቀን ክፍላችን ባለው ፕላዝማ ላይ የሁላችንም በየተራ ታየ። የትራፊክ ፖሊስ የቀረጹ ነበሩ፣ የጤና ጣቢያ ነርስ የቀረጹም ነበሩ፤ ልጁ ሁሉ እያዛጋ ነው ያየው። ከዚያ የእኛ መጣ። የአባቴ ካፖርት፣ የእኔ አንሶላ፣ በጡሩምባው ላይ ያረፈው ብርሃን። ልቤ በኩራት ይመታ ነበር። ድንገት አባቴ «የመስቀል ሰሞን ነው» ሲል ሰማሁት። ባለሱቁ መፋቂያቸውን እንደያዙ በር ሲከፍቱ የሚለው ጋ አቀናባሪው የሳቅ ድምፅ ጨምሮበታል። «የሞተብኝ እኔው ነኝ» የሚለውን ደግሞ እያስተጋባ፣ ደጋግሞ፣ የአባቴን ፊት አንዴ እያቀረበ አንዴ እያራቀ አስኪዶታል። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዴስክ የሚደበድቡ ነበሩ። መምህሩ ሳይቀር መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። ቪዲዮው አባቴ ሲስቅ አለቀ፤ ለቅሶው አልነበረም።

ዞሬ ጓደኛዬን አየኋት። ወደ እኔ አላየችም። ተማሪውን ነበር የምታየው፣ ከንፈሯ ላይ ፈገግታ ነበረ። የልጅነት ጓደኛዬን እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም ነበር።

ደጅ ላይ ያዝኳት። ምለሽለት አልነበረም ወይ አልኳት።

«ማልቀሱን እኮ ቆርጬዋለሁ» አለችኝ፣ እሷም ከልቧ ተገርማ። «አጥፊው ያሉኝ እሱን ነው። ሳቁን ማን አጥፊ አለኝ? ሰው ሁሉ ሲወደው አላየሽም?»

የዚያኑ ዕለት በአጥሩ ቀዳዳ እጇን አሳልፋ ስትጠራኝ አልሄድኩም። በማግስቱ የጣሳ ክዳን በሚስማር መትቼ ደፈንኩት። ተከድቼ ነበር፤ ቃሉን ያኔ አላውቀውም ይሆናል እንጂ ሕመሙን አውቄዋለሁ። ሰው ቤትህ ገብቶ፣ አንሶላህን ሰቅሎ፣ አባትህን አስለቅሶ ሲያበቃ እንደ ሸቀጥ ያወጣሃል። ሁለታችንም ከክፍሉ አንደኛ የሆነውን ውጤት አገኘን፤ ስማችን ጎን ለጎን ተለጠፈ።

ቪዲዮው በብሉቱዝ ከስልክ ስልክ ተላለፈ። ሰነባብቶ የሰው መቀለጃ አባባል ሆነ። ፈተና የወደቀ «የሞተብኝ እኔው ነኝ» ይላል፣ ኳስ የተቆጠረበት በረኛ ይለዋል፣ ታክሲ ያመለጠው ይለዋል። እኔ ሳልፍ ደግሞ ጮክ ይላል። አባቴ እንዳይሰማ የምጸልየው ጸሎት ከቀን ወደ ቀን እየረዘመ ሄደ።

ሰማ። ክረምት ገብቶ ነበር፣ ጠዋቱ ጭቃና ጭጋግ ነበር። የአንዲት አራስ ሞት ሊለፍፍ ወጥቶ፣ ስሟን ጠርቶ ገና ሳይጨርስ፣ ከአንዱ አጥር ጀርባ የጎረምሳ ድምፅ ያንን ቃል ጮኸ፤ ሌሎች ሳቁ። ቤት ሆኜ እኔም ሰማሁ። የአባቴ ድምፅ ለትንሽ ተቋረጠ፣ ከዚያ የሟቿን ስም ከ«ወይዘሮ» ጀምሮ እንደገና ጠራ፣ ቤቷንም ተናገረ፣ ቀብሩንም። ዙሩን ጨርሶ ነው የገባው። ካፖርቱ ውሃ ያንጠባጥባል። ጡሩምባውን አልጋው ላይ አስቀመጠና ተቀመጠ።

«አሳያችሁት?» አለኝ።

እኔ አላውቅም ነበር፣ አጠፋዋለሁ ብላ ነበር አልኩት። «እሺ» አለ። አምኖኝ ይሁን ሊያሳርፈኝ ብሎ ይሁን እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር፤ ተቆጥቶ የሚወጣለት ሰው አልነበረም አባቴ። እራት ላይ ቀስ ብሎ ስለ እናቴ የሚነግረኝ ነገር እዚያው ላይ ቆመ። አንድ ሁለት ጊዜ እንደ ዋዛ ጠየቅሁት፤ «ጥሩ ሴት ነበረች» አለና የበሩን መቀርቀሪያ ሊያጠብቅ ተነሳ። ብዙም ሳይቆይ ደረቴን እያመመኝ ነው ብሎ ጡሩምባውን ለእድሩ አስረከበ። እድሩ ድምፅ ማጉያ ገዛ።

የሚያናድደኝ ምን እንደነበር ልንገራችሁ? ጓደኛዬ መንገድ ላይ ስታገኘው ዝቅ ብላ ሰላም ትለዋለች፤ እሱም ቆሞ፣ ባርኔጣውን አንስቶ፣ እናትሽ ደህና ናት፣ ወንድምሽስ እያለ አንድ በአንድ ይጠይቃታል። እኔ ከኋላው ቆሜ መሬት መሬት አያለሁ። ለእሷ ያልተዘጋ በር ለእኔ መዘጋቱ እንደ እሳት ይፈጀኝ ነበር።

አባቴ ያረፈው አምና ነው። እድሩ ሞቱን በስልክ መልእክት ነው የነገረው፤ ሰው አልጋው ላይ ሆኖ አነበበውና ተነስቶ መጣ። ዛሬ ለቅሶም በቪዲዮ ይቀረጻል። ከአገር ቤት የመጣው አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ፣ ለቀሩት ዘመዶች ይታይ ብሎ ቀራጭ አስጠርቶ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ቀና ስል ካሜራውን ትከሻዋ ላይ አድርጋ የቆመችው ያቺው የልጅነት ጓደኛዬ ናት። ጦር ኃይሎች የራሷን ስቱዲዮ ከፍታ የሰርግም የለቅሶም ትቀርጻለች ሲባል ሰምቼ ነበር። እኔ ሳለቅስ ካሜራውን ወደ መሬት አወረደችው። አየኋት፤ ማየቴንም አየች።

ከሠልስት በኋላ ፍላሹን ልትሰጠኝ መጣች። በር ላይ ቆመን ነው የተነጋገርነው። ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ ስዘጋጅበት የሰነበትኩት አንድ ጥያቄ ነበረኝ። ያን ጊዜ ቪዲዮውን የተቀባበሉት ሁሉ ስልክ ለዋውጠዋል፣ ማንም ጋ የለም፤ ቢኖርም ሳቁ ነው ያለው። ለቅሶው፣ ወደ መስኮቱ ዞሮ በጉራጊኛ ለእናቴ የነገራት፣ እሷ ጋ በቀረው ሙሉ ቅጂ ላይ ብቻ ነበር። አጎቴ ጉራጊኛ ይችላል። አባቴ ለእናቴ ያላትን ሰምቶ ሊነግረኝ ቤት ውስጥ እየጠበቀኝ ነበር።

«ያኔ የቀረጽሽው ሙሉው አለሽ?» አልኳት።

ፊቷ ተለዋወጠ። የካሜራዋን ቦርሳ ማንገቻ ያዘች።

«አጠፋሁት» አለች። «አባባ ጡሩምባውን ያስረከቡ ዕለት። ሙሉውን ነው ያጠፋሁት። አጥፊው ብለውኝ ነበር፣ አንቺም…» አልጨረሰችውም፣ ማልቀስ ጀመረች።

እኔ አላለቀስኩም። ፍላሹን ተቀበልኳት፣ እግዜር ይስጥሽ አልኳት፣ በሩን ዘጋሁ። ቃሏን በመጨረሻ ጠብቃለች።

አጎቴ ፍራሹ ላይ ጋቢውን እንደተከናነበ ቀና ብሎ አየኝ። የለም አልኩት። በይ የምታስታውሺውን ያህል በይው፣ እኔ እይዘዋለሁ አለኝ። ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ሞከርኩ። የአባቴ አገጭ ትዝ ይለኛል፣ ብርሃኑ ትዝ ይለኛል፣ ድምፁ ዝቅ ያለበት ቦታ ትዝ ይለኛል። ከአፌ የወጣው ግን የማንም ቋንቋ አልነበረም። አጎቴ ጆሮውን አስጠግቶ እስቲ ድገሚው አለኝ፤ ደገምኩት። ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠኝ፣ ከዚያ ራሱን ነቅንቆ እጁን ጉልበቴ ላይ አሳረፈ።